ከፊቴ ያለው ጀርባ

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

ዛሬ ሳይክል ላይ ወጣሁ። ወጣሁ ከምል ጫኑኝ ብል ይሻላል። አማቼ፣ የእህቴ ባል፣ መቀመጫውን ከኋላ ይዞልኝ፣ ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ አፏን በእጇ ሸፍና። ስትስቅ አይቻታለሁ። "ኧረ አልሳቅኩም፣ አስነጠሰኝ ነው" ትላለች።

ነገሩን ከሥሩ ልጻፈው፣ ኋላ ማን ምን እንዳለ እንዳይምታታብኝ። የታናሽ እህቴ ሁለቱም ኩላሊቶች ሥራ አቁመዋል። በሳምንት ሦስቴ እጥበት ትገባለች። ከቤተሰቡ ሁሉ ተመርምሮ የሚሆናት የኔ ኩላሊት ብቻ ሆነ። እሺ ብያለሁ። ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ጮክ ብዬ ነው እሺ ያልኩት። ዶክተሯ ግን "በዚህ ክብደትና በዚህ ደም ግፊት ቢላ አላስነካዎትም፤ መጀመሪያ አሥራ ሁለት ኪሎ ይቀንሱ" አለችኝ። ለሩጫ ጉልበቴ አይችልም። የእህቴ ባል ቀለም ቀቢ ነው፤ በወጣትነቱ ሳይክል ይወዳደር ነበር። "ጋሼ፣ እኔ አለሁልህ፣ ጠዋት ጠዋት አብረን እንወጣለን" አለና አሮጌ ሳይክሉን ጠጋግኖ ሰጠኝ።

ደግነቱ በዛብኝ። ለሚስቱ ብሎ ነው ይባል ይሆናል። እሱማ ልክ ነው። ግን ሌላም ነገር ሳይኖረው አይቀርም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

መቀመጫዬ ቆስሏል። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

ሚዛን ላይ ወጣሁ፤ አንድ ኪሎ ቀንሻለሁ። አማቼ በደስታ ጀርባዬን መታኝ። ጠንከር አድርጎ ነው የመታኝ።

መንገዳችን ከከተማ ወጥቶ እስከ ውሃ ታንከሩ የሚዘልቀው አስፋልት ነው። ግራና ቀኙ ሜዳ ነው፣ ዛፍ የሚባል ነገር የለውም። አማቼ ሁልጊዜ ከፊት ነው። ጎን ለጎን እየተጫወትን እንሂድ ስለው "አይ ጋሼ፣ ከኋላዬ ጠበቅ በል፣ ጎማህ ጎማዬን ሊነካ እስኪል ድረስ ተጠጋ" ይለኛል። አንድ ቀንም ከፊቱ አላስቀደመኝም። በታላቅነቴ እንኳ አያፍርም፤ ጀርባውን አሳይቶኝ ይመለሳል። ደግሞ አሥር ጊዜ ዞር እያለ ያየኛል። አለሁ ወይስ ወድቄያለሁ፣ እሱን እየቆጠረ ነው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ስንመለስ ጎማዬ ንፋስ የጎደለው መሰለኝ። አማቼን "አንተ ሂድ፣ ሥራ ይረፍድብሃል" ብዬ ሸኘሁትና ጎሚስታው ጋ ቆምኩ። ጎሚስታው ከኬክ ቤቱ ጋር ግድግዳ ይዋሰናል። ጎማውን ጫን ጫን አደረገና "ጌታው፣ ይኼ ምን ሆነ ብለው ነው?" አለኝ። ሥራ አይወድም።

ከዚያ እህቴ ጋ ጎራ አልኩ። ዛሬ ፊቷ አላበጠም። ጢሜን በጣቷ ጠረግ አደረገችልኝና ጣቷን አየት አደረገችው። "ምንድነው?" ስላት "ምንም ወንድምዓለም፣ አቧራ ነው" አለች። መንገዱ አቧራ ይበዛዋል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ሚዛኑ አንድም አልተነቃነቀም። ሳምንቱን ሙሉ ጋልቤ!

ሐኪም ቤት የምትመዝነኝን ነርስ "ይቺ ሚዛን መቼ ነው የተመረመረችው?" አልኳት። ደነገጠች። የደነገጠች መሰለኝ። ከዚያ ወጥቼ ጆንያ የሚመዝነው እህል ሻጭ ጋ ሄድኩና ሚዛኑ ላይ ቁጭ አልኩ። ያው ነው። ሁለቱ ሚዛኖች ይተዋወቃሉ እንዳልል አይተዋወቁም።

ሐኪም ቤት ስመለስ ዶክተሯ ለብቻዬ አስገባችኝና በሩን ዘጋች። "ማንም አስገድዶዎት እንዳይሆን" አለች። "በማንኛውም ሰዓት ሐሳብዎን ቢቀይሩ ይንገሩኝ። እኛ ለቤተሰቡ ለሰጪነት አይመቹም ብለን እንነግራቸዋለን። ምክንያቱን ማንም አይጠይቀንም፣ እኛም አንናገርም።" እኔ ምን ቆርጦኝ፣ ወንድሟ ነኝ አልኳት። ለምን ጠየቀችኝ ግን? ሌላውንም ሁሉ እንዲህ ትጠይቃለች ወይስ እኔ ፊት ላይ የተጻፈ ነገር አለ? ወደ ቤት ስመለስ መንገዱን በሙሉ ይኼን ሳመነዥክ መጣሁ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

እኔ ሰው ማየት ሥራዬ ነው። የልብስ ስፌት ፋብሪካ በር ላይ ፈታሽ ነኝ። ሠራተኛው ሲወጣ ኪሱንና ቦርሳውን ጠረጴዛዬ ላይ ያራግፋል። ክር በካልሲ፣ ዚፕ በኮፍያ፣ ቁልፍ በምሳ ዕቃ ስር፣ ያላገኘሁት የለም። "ኤክስሬይ" ይሉኛል፤ እንደማልሰማ ነው የሚያወሩት። የደበቀ ሰው እጁን ወደደበቀበት አይሰድም፤ አንገቱ ግን ይደርቃል። ዛሬም አንዱን በአንገቱ ያዝኩት። ሰባት ቁልፍ ነው። "ለልጄ ሸሚዝ ነው ጋሼ" አለ። መዘገብኩት።

እንግዲህ ይኼ ዓይኔ ቤቴ ውስጥ ለምን አይሠራም? ኪሎዬ ያልቀነሰው አንድ ሰው ምግቤ ላይ የሆነ ነገር እያደረገ ቢሆን ነው። የዘይቱ ጠርሙስ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አደረግኩ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

ባለቤቴ ምልክቱን አየችው። ጠርሙሱን አምጥታ ፊቴ አስቀመጠችና "አንተ ሰውዬ፣ ዘይቱን ከጨረስክ ፍራሹንም ፈትሽ" አለችኝ። ዘይቱ ምልክቱ ላይ ነው። ያ ማለት ዘይት አይደለም ማለት እንጂ ምንም አይደለም ማለት አይደለም።

ጎማዬ ዛሬም ንፋስ ጎደለ። ጎሚስታው ጋ ቆምኩ። ሻይ ጠጣሁ፤ ሻይ ብቻ ማለት ይቻላል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

ሦስት መቶ ግራም ብቻ ቀነስኩ። ለጠላቴም አልመኝ።

አማቼ ሳይክሌን ገልብጦ ጎማዎቹን ውሃ ውስጥ ነከረ። አረፋ የለም። "ጋሼ፣ ጎማህ እኮ ደህና ነው፤ ሁልጊዜ ኬክ ቤቱ አጠገብ ስትደርስ ብቻ ነው እንዴ የሚጎድለው?" አለና ፈገግ አለ። ፈገግታው አልተመቸኝም። የጎማዬን ቫልቮላ የሚያላላው እሱ ቢሆንስ? ሌላማ ማን ይነካዋል?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 26

አማቼ ከሳ። ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ በሚስማር በስቷል። መጀመሪያውኑ ሥጋ ያልነበረው ሰው! ሁለታችን አንድ መንገድ ጋልበን እኔ እዚያው ነኝ፣ እሱ ያልቃል። ስንደርስ ላቡ በጆሮው ይንጠባጠባል፣ እኔ ደግሞ ወሬ የማወራበት ትንፋሽ ይተርፈኛል። "ምን ሆነህ ነው እንዲህ የምታለከልከው? እኔ እንኳ አልደከመኝም" አልኩት። አየኝና ውሃውን ጠጣ። ለውድድር እየተዘጋጀ ነው፤ እኔን ምክንያት አድርጎ ነው። እንዲያ ነው የሚሆነው።

ሰኞ፣ ኅዳር 1

ዛሬ ብቻዬን ወጣሁ። እህቴ ሌሊቱን ትንፋሽ አጥሯት ሐኪም ቤት አድራለች፣ አማቼ ከሷ ጋር ነው። አሁን ተሽሏታል ብሎ ደወለ።

ዛሬ ነፋሱ ከየት እንደመጣ እንጃ። ታንከሩን አይቼ ከመመለሴ በፊት ሁለቴ ወረድኩ። ሳይክሉ ላይ አንድ ነገር ተደርጓል፤ ፍሬኑ ይዟል። አንድ ሳይክለኛ አልፎኝ ሲሄድ "ከኋላዬ ግቡ አባባ፣ ነፋሱን ልቁረጥልዎት!" አለኝ። አባባ ብሎኝ አረፈ። አልገባሁም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

አማቼ መጣ። ዓይኑ ቀልቷል። አልተኛም ግን ከፊት ገባ። ሳይክሉ ዛሬ ቀለለ። ፍሬኑን ማን እንዳስተካከለው አልጠየቅኩም።

ትናንት ያ ሳይክለኛ ያለኝን ነገር አስባለሁ። ተኛሁ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

ታንከሩ ጋ ስናርፍ ስልክ ተደወለለት። ከኔ ራቅ አለ። ነፋሱ ግን ወደኔ ነበር። "አዎ... አይ፣ እሱ እንዳይሰማ... ዶክተሯ ራሷ ትንገረው... አንቺ እንዳልሽ ይሁን፣ ግን እኔ አልስማማም።" ሲመለስ አንገቱ ደርቋል።

ምንድነው እንዳልሰማ የሚፈለገው? ሁለቱንም ኩላሊቴን ሊወስዱ ነው እንዴ? ቂል ነገር መጻፌ ይታወቀኛል። ግን ስኮርታ ጎማ ያለው መኪና እንኳ ስኮርታውን ሲሰጥ ረጅም መንገድ ይፈራል። ፈራሁ አላልኩም። መኪና አልኩ።

በጠቅላላው ሁለት ኪሎ ቀንሻለሁ። አሥር ይቀራል። እህቴ ስንት ይቀራታል?

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ፋብሪካው በር ላይ የምትፈትሸው ባልደረባዬ፣ የሴቶቹን ወገን የያዘችው፣ ጃኬቴን አራግፋ ስታንጠለጥልልኝ ፍርፋሪ ወለሉ ላይ ወረደ። "ኤክስሬዩ ራሱ ምን ይዞ ይገባል?" ብላ ሳቀች። ሠራተኛው ሰማ። ለወፎች ነው አልኳት። ወፍ የለንም።

ለምንድነው ለወፎች ያልኩት?

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ዶክተሯ አስጠራችኝ። አማቼ አብሮኝ አልገባም፤ "ጋሼ፣ ለብቻህ ግባ" አለኝ። ገባሁ።

"የመጨረሻ ምርመራዎ መጥቷል። ለሰጪነት አይመቹም" አለች። "የርስዎ ጥፋት አይደለም፤ ሰውነት ነው። ለእህትዎ ሌላ መንገድ እንፈልጋለን። እጥበቷን ትቀጥላለች።" ስትናገር መስኮቱን ነበር የምታየው። እኔ ዕድሜዬን በር ላይ የጨረስኩ ሰው ነኝ፤ ዶክተርም አንገት አላት።

ወጣሁ። ደረጃውን ስወርድ ምን ተሰማኝ? ልጻፈው፤ ማንም አያየውም። ደስ አለኝ። እግዜር ይመስገን አልኩ፣ በአፌ፣ በድምፅ። ኬክ ቤቱ ገባሁ። ጎማ የለ፣ ጎሚስታ የለ፣ ሰበብ የለ፣ ፊት ለፊት ገብቼ ሁለት ዶናት አዘዝኩ። አንዱን በላሁ። ሁለተኛው እጄ ላይ ቀረ።

እኔ ተርፌያለሁ፤ እሷስ?

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

ሦስት ቀን ሙሉ አሰብኩት። የደም ምርመራዬ ከወር በፊት ደህና ነው ያለችው ዶክተሯ ራሷ ናት። ውሸቱን ማን አስገባው? አማቼ ነው። የሚከፍልለት ሀብታም አግኝቶ ይሆናል፣ ኩላሊት የሚሸጥ ሰው አግኝቶ ይሆናል፣ የኔ ባለውለታ መሆን ጠልቶ ይሆናል። ሥራ ቦታው ሄድኩ። አንድ ሕንፃ ውስጥ መሰላል ላይ ሆኖ ጣሪያ ይቀባል።

"ውረድ" አልኩት። ወረደ። "በስልክ እንዳይሰማ ያልከው እኔን ነው። ዶክተሯን ምን አላችኋት?"

ብሩሹን ጣሳው ላይ አጋደመ። እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ ቀስ አድርጎ፣ እያንዳንዱን ጣት።

"ጋሼ፣ እኔ ብሆን ኖሮ እግርህ ሥር ወድቄ እለምንህ ነበር" አለ። "እህትህ ናት እምቢ ያለችው። ፈርቷል አለች። ፈርቶ ቢላ ሥር እንዲገባልኝ አልፈልግም፣ ሰውነቱ ነው ይበሉትና በሰው ፊት ቀና ብሎ ይሂድ አለች። ተጣላኋት። ሁለት ሳምንት ተጣላኋት።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርህ ታምነኝ ነበር?"

ቀለሙ ከብሩሹ ላይ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። ያን ጊዜ አንድ ነገር ጠየቅኩት፤ ለምን ያንን እንደጠየቅኩ አላውቅም። "ከፊት የምትሄደው ለምንድነው?"

ግራ ገባው። "ለነፋሱ ነዋ። ከፊት ያለው ነው ነፋሱን የሚበላው። ከኋላ ያለው ይቀለዋል። እንዳትማረርና እንዳትተወው ብዬ ነው። አታውቅም ነበር እንዴ?"

አውቃለሁ አልኩት። ያ ሳይክለኛ ከነገረኝ ጀምሮ አውቄው ነበር መሰለኝ። እሱ የከሳው የኔን ነፋስ እየበላ ነው። እኔም የሱን ጀርባ እያየሁ ስሰድበው ነው የከረምኩት። አፈርኩ። ይኼን ቃል እዚህ ደብተር ላይ እስከዛሬ ጽፌው አላውቅም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

እህቴ ጋ ሄድኩ። ከእጥበት ተመልሳ ጋደም ብላለች፤ ክንዷ ላይ ያለው ፋሻ ገና አልተፈታም። አማቼ ውሃ አስቀምጦልን ወጣ።

"ፈትሺኝ" አልኳት።

"ምን?"

"እኔ በር ላይ እንደማደርገው። ፈትሺኝ።"

ጃኬቴን አውልቄ ኪሶቼን አንድ ባንድ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ገለበጥኩ። የብስኩት ላስቲክ። ሦስት ከረሜላ። በሶፍት የተጠቀለለ ግማሽ ዶናት፣ ከጠዋት የተረፈ። ስኳሩ አንሶላዋ ላይ ተበተነ። አፍሬ ላራግፈው ስል እጄን ያዘችኝ።

"ይኸው ነው?" አለች።

"ሌላም አለ፤ ከኪስ አይወጣም።"

"ምንድነው?"

"ፈርቻለሁ። እሺ ካልኩበት ቀን ጀምሮ ፈርቻለሁ። ኪሎዬ እንዳይቀንስ ነው ስበላ የከረምኩት። ለራሴም አልነገርኩትም።"

"አውቃለሁ" አለች። "ጢምህ ላይ ስኳር ይዘህ የመጣህ ቀን ነው ያወቅኩት።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ? ዶናቱን ተው አትይኝም?"

ጣሪያውን አየች። "ወንድምዓለም፣ ዶናቱን ተው ማለት ኩላሊትህን አምጣ ማለት እኮ ነው። አፌ እንዴት ብሎ ያውጣው?"

ማልቀስ አልፈልግም ነበር። አለቀስኩ። እሷም። ብዙ አላወራንም። መሞትን እፈራለሁ አለችኝ፤ እስከዛሬ ለማንም አላለችውም። እኔ ያንን እንኳ ጠይቄያት አላውቅም። እጥበቷ እንዴት ሆነ፣ ፊቷ አበጠ አላበጠ፣ እሱን ነበር የምጠይቃት።

"ሰኞ ዶክተሯ ጋ እመለሳለሁ" አልኳት። "እየፈራሁ ነው የምመለሰው። ፍርሃቱ የሚያልፍ አይመስለኝም።"

"እሱ እንዳይሆን እኮ ነው ያልኩት።"

"ያኔ ደብቄ ነበር። አሁን ጠረጴዛው ላይ ነው።"

ከዚያ ግማሹን ዶናት አነሳችና ትንሽ ቆርሳ አፏ ከተተች። "አይፈቀድልሽም" አልኳት። "ላንተስ?" አለች። የቀረውን ለአማቼ ሰጠነው። ሊወፍር የሚገባው ሰው እሱ ነው።

ሰኞ፣ ኅዳር 22

ዶክተሯ ዛሬ መስኮቱን አላየችም። የምትጠይቀውን ሁሉ መለስኩ። ይፈራሉ ወይ አለችኝ፣ አዎ አልኳት። ጻፈችው። "የሚፈራ ሰው ደስ ይለኛል፣ የነገርኩትን ይሰማል" አለች። ዘጠኝ ኪሎ ይቀራል።

ያን ሰባት ቁልፍ የያዝኩበት ሠራተኛ ዛሬ በር ላይ ሲደርስ ኪሱን ሊገለብጥ ጀመረ። "የልጅህ ሸሚዝ አለቀ?" አልኩት። ግራ ተጋባ። "አላለቀም፣ ቁልፍ ጎድሎታል" አለ። ከሱቅ ገዝቼ የያዝኩትን ሰባት ቁልፍ ሰጠሁት። ሌላ ነገር አላልኩም፤ እንደ ደግ ሰው እንዳይቆጥረኝ ኪሱን ፈተሽኩት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 23

ዛሬ ጠዋት ከተማውን እንደወጣን "አቁም" አልኩት። "ዛሬ ከፊት እኔ ነኝ።"

"ጋሼ፣ ነፋሱ ከባድ ነው፣ አትችለውም።"

"እስከቻልኩት።"

ገባሁ። ነፋሱ ደረቴ ላይ እንደ በር ተዘጋብኝ። ስንት ጠዋት እንዲህ ሆኖ እንደሄደ አሰብኩ፣ ከዚያ ማሰብም አቃተኝ፣ እግሬን ብቻ አየሁ። ከኋላዬ ጎማው ይሰማኛል፣ ቀርቦኛል። ዞር ብዬ አየሁት፤ አለ ወይ ብዬ ነው። አለ። ታንከሩ ድረስ አልዘለቅኩም፣ ግማሽ ላይ እሱ አልፎኝ ገባ፤ አላፈርኩም።

ስንመለስ ኬክ ቤቱ አጠገብ ደረስን። የተጠበሰው ነገር ሽታ ይመጣል። አማቼ ፍሬን ያዘና ሳይክሌን ጎንበስ ብሎ አየ። እንዳላፍር ብሎ ነው፣ ያስታውቃል።

"ጋሼ፣ ጎማህን ልይልህ?"

"ተወው" አልኩት። "ጎማው ደህና ነው። አንድም ቀን ጎድሎት አያውቅም።"